ጾመኛዋ እህቴ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። ለዚህ አባባል ከእኔና ከታናሽ እህቴ የተሻለ ምስክር የለም። እኔ ሆዳም ነኝ፤ ደብቄም አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ድስት የምከፍት ልጅ ነበርኩ። እሷ ደግሞ ጾመኛ ነበረች። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበት ግቢያችን ውስጥ የእሷ ጾም የሁሉም ኩራት ነበር። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ሲቆጡ "እሷን አታዩም?" ይላሉ። እኔ ግን ይሄን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር፤ ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኛ።

ነገሩ የጀመረው በምርቃት ነው ብል ማን ያምነኛል? አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ላንቻ የምትኖር የእናቴ ዘመድ ለእንቁጣጣሽ መጣችና እህቴን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ፣ "እሰይ፣ ተመችቶሻል፤ ወፈርሽ እኮ" አለቻት። በእነሱ ዘመን ይሄ ሙገሳ ነው። እናቴም ደስ ብሏት "ተመስገን" አለች። አባታችን ከሞተ በኋላ ካዛንቺስ መሥሪያ ቤት እየሠራች ብቻዋን ነው ያሳደገችን፤ ልጅሽ ወፈረች ማለት ለእሷ ልጆችሽን አላስራብሽም ማለት ነው። እህቴ ግን ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ የምታያቸው ልጆች ወገባቸው በእጅ የሚጨበጥ ነው። ያን ቀን ዶሮውን ሳትነካ ተነሳች። ስንተኛ ጉንጯን ስትዳብስ አየኋት።

ማለቴ፣ እኛ ቤት አለመብላት ቀላል ነገር አይደለም። "አልበላም" ካልሽ ማን አስቀየመሽ ይመጣል፣ ጉርሻ ይመጣል፣ "በሞቴ" ይመጣል። እየጾምኩ ነው ካልሽ ግን ማንም አይለምንሽም፤ እንዲያውም ትመረቂያለሽ። እህቴ ይቺን ቶሎ ገባት። መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያዘች፣ ከዚያ የገና ጾም መጣ፣ ከዚያ ሁዳዴ፣ ከዚያ ፍልሰታ። ጾም በሌለበት ጊዜ ሱባኤ ይዣለሁ ትላለች። ሰዓቱ ደርሶ ማዕድ ቢቀርብም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ ማን ያያል? በቃ።

እናቴ በእሷ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። የሰው ልጅ በየካፌው በርገር ሲያሳድድ የእኔዋ ግን እግዚአብሔርን ያዘች እያለች መሥሪያ ቤት ድረስ ታወራላት ነበር። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ቀን "እማዬ፣ ይቺ ልጅ እየጾመች አይደለም፤ እየተራበች ነው" አልኳት። ለሆዳም ደግሞ ጾም መች ይገባዋል ብላ አፌን አስያዘችኝ። እዚያ ቤት እኔ ስለ ምግብ ያወራሁት ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የሚቆጠረው።

ዓመት ሲሞላ ሰውነቷ እኔን ተክቶ መናገር ጀመረ። በቀትር ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ጸጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣል። የወር አበባዋ መቅረቱን ለማንም እንዳልናገር አስምላ ነገረችኝ፤ መሐላውን በልቼ የዚያኑ ቀን ለእናቴ ነገርኩ። እናቴም ደንግጣ ጠበል ወሰደቻት። በጠበል አልቀልድም፣ እኔም ድኜበታለሁ። ግን ምንም በሌለበት ሆድ ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታ ሲያስመልሳት፣ አጠገባችን የቆሙት ሴቶች "ወጣላት" ብለው ደስ አላቸው። እናቴም አብራ ደስ አላት። ከእህቴ የወጣው ግን የመጨረሻ አቅሟ ነበር።

በሚቀጥለው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አብረን ቆመን ወደቀች። ሳነሳት ደረቅ ልብስ ከገመድ ላይ ያወረድኩ መሰለኝ። ሰው ከበበን። አንዲት ሴትዮ ጾሙ ይዟት ነው፣ እግዜር ይቀበላት ስትል እዚያው ልቦጫጭራት ምንም አልቀረኝም።

ሐኪም ቤት ያየቻት ወጣት ዶክተር ነገሩን አላድበሰበሰችም። ልቧ መድከሙን፣ በዚህ ከቀጠለች አንድ ቀን ተኝታ ላትነቃ እንደምትችል ለእናቴ ነገረቻት። ይሄ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን፣ የአእምሮ ሐኪም ክትትል እንደሚያስፈልጋት፣ አሁኑኑ ግን ወተትና እንቁላል መጀመር እንዳለባት አስረዳች። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ የንስሐ አባታችንን ጠራቻቸው። እኔ አባ ይከለክላሉ ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እጇን ያዙ። ከዚያ ጾም ለጤነኛ መሆኑን፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደፈቷት፣ የሚሰጧትን ሁሉ እንድትበላ ነገሯት። መስቀላቸውን ተሳለመች። ሐኪሟም የምትበላ ከሆነ ብቻ ብላ ወደ ቤት ለቀቀቻት።

ቤት ስንገባ ወተቱን ገፋችው። እናንተ እየጾማችሁ እኔ ብቻዬን እንዴት እበላለሁ አለች። አባ ደግመው መጥተው ለመኗት፤ መስቀል ትስማለች፣ አትበላም። እኔ ለእሷ ስል ጾሜን ሽሬ ፊቷ እንቁላል በላሁ። "አንቺማ ሰበብ ነው የፈለግሽው" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ እንኳ አቅም አልነበረውም። በሰሙነ ሕማማት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሐኪሟ በዚህ ሳምንት ካልበላች ተመልሳ ትተኛለች፣ ያኔ ለልቧ ዋስትና አልሰጥም ብላናለች።

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጾም አፍርሳ አታውቅም። እኔን አርግዛ እንኳ ሁዳዴን ጾማለች። በየዓመቱ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ በአፏ ሳይዞር ነው የምታከፍለው። የዚያን ዓመት ስቅለትም በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ለስግደት ወጣች። ስምንት ሰዓት ገደማ ግን ተመልሳ መጣች። ስግደቱ አላለቀም፤ የድምፅ ማጉያው እስከ ቤታችን ይሰማል። ግንባሯ አፈር እንደያዘ ነው። ምድጃ ለኮሰች፣ ለእህቴ የተገዛውን እንቁላል ሰበረች፣ በቅቤ ጠበሰችው።

በስቅለት ቀን፣ ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ የቅቤ ሽታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩን ልዝጋው አልኳት። ተይው አለችኝ። ከፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው አዩንና መጋረጃቸውን ሳቡ።

እናቴ ሳህኑን ይዛ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እንጀራ ቆርሳ እንቁላሉን ጠቀለለች። ለእህቴ ልታጎርስ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው። እህቴ በዚያ አቅሟ ተነስታ ክንዷን ያዘቻት። "እማዬ፣ ዛሬ ስቅለት ነው፤ ኃጢአት ነው" አለቻት። እናቴ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኗን ጨፍና አኝካ ዋጠች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለተኛውን ጠቀለለችና እህቴ አፍ ላይ ያዘችው።

"ኃጢአቱ የእኔ ነው" አለች። "ሲኦልም ከሆነ ቀድሜሽ ገብቻለሁ። ብይ።"

እህቴ አፏን ከፈተች። ለመዋጥ ምን ያህል እንደታገለች እኔ አይቻለሁ፤ ሰው እህል ሲውጥ እንደዚያ ሲያምጥ አይቼ አላውቅም። ዋጠችው። እናቴ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለእሷ እያለች፣ ሁለቱም እያለቀሱ፣ ሳህኑን አጋመሱት።

ከዚያ ወዲያ ዳነች ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ሐኪሟ ጋ ትመላለሳለች፤ አንዳንድ ወር ደህና ናት፣ አንዳንዱን እንደገና ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች፣ እኔም አጠገቧ እየተነጫነጭኩ አበላታለሁ። ግን አለች። ከግቢው ሴቶች አንዳንዶቹ ለእናቴ ሰላምታ ለመመለስ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አባ እግዚአብሔር የእናትን ሆድ ያውቃል ብለው ንስሐ እንድትገባ፣ ገብታም እንድትቆርብ ነግረዋታል። እሷ ቅዳሴ አታስታጉልም፤ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ከኋላ ትቀራለች። አንድ እሑድ ከቂርቆስ ስንመለስ ለምን እንደማትቆርብ ጠየቅኳት። 

"ንስሐ የሚገባ የተጸጸተ ሰው ነው፤ እኔ አልተጸጸትኩም" አለችኝ።