የታሰረው ገጽ

የዚያን ዕለት ጠዋት የኮሪያዋን የወደብ ከተማ ሞክፖን ጉም ውጧት ነበር። ወደቡ አይታይም፤ የመርከብ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል። ኦክሬ ገና ፊቷን ሳትታጠብ እናቷ የሚኖሩበት ደሴት ሊቀ መንደር ደወሉላት። እናትሽ ሌሊቱን ሙሉ ስምሽን ሲጠሩ አደሩ፣ ዛሬውኑ ድረሺ አሏት።

ኦክሬ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ስፌት ፋብሪካ ገባች፤ ዓይኗ ሲደክም የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ቀጠራት። እያንዳንዱን ገጽ ትከፍታለች፣ ስልኩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታጋድማለች፣ ገጹ አብሮ መዞር አለመዞሩን ዝርዝሩ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ይኸው ነው ሥራዋ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሴሁን ዕድሜው ከልጇ አይበልጥም።

«አክስቴ፣ ስልኩን እንደ ዓሣ እያገላበጡ ጠበሱት እኮ» ይላታል፤ አክስቴ የሚላት ለአክብሮት ነው።

«ጥሬውን ስለምታመጣልኝ ነዋ» ትለዋለች።

የደሴቶቹን የጀልባ መተግበሪያ የሠሩት እነሱ ናቸው። ጉድለቱን ያገኘችውም እሷ ራሷ ነበረች። የጉዞ ሰንጠረዡ ስልኩ ሲጋደም በወርዱ ይከፈታል፤ ወደ ዋናው ገጽ ሲመለሱ ግን ዋናውም ተጋድሞ ይቀራል። ርክክቡ በማግስቱ ስለነበር ሴሁን ገጾቹን ለየብቻ ከማስተካከል ይልቅ ሁሉንም ባንዴ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አሰራቸው። ዝርዝሩ የሚጠይቀው «ሳይፈለግ ይዞራል ወይ?» ብሎ ብቻ ነው። ኦክሬ አዟዟረች፤ አልዞረም፤ «ደህና» አለች። ማስታወሻ የሚጻፍበት የሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ መቅረቱን አይታለች። ያንን የጠየቃት ስላልነበረ ዝም አለች።

እንግዲህ በዚያ የጉም ጠዋት ያንኑ መተግበሪያ ከፈተች። አንድ ጀልባ አራት ሰዓት ላይ፣ ሌላው ሰባት ተኩል ላይ ይነሳል። ለአራቱ ትደርስ ነበር። ግን እናቷ ከአፋቸው የሚገባ ነገር ካለ የባሕር ቀንድ አውጣ የገባበት የሩዝ አጥሚት ነው፤ ባዶ እጇን መሄድ ከበዳት። ቀስ ብላ አበሰለች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ወደቡ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል።

ቲኬት ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። የአራቱ ጉሙ ሳይብስ ወጥቷል፤ የከሰዓቱ ግን ጉሙ ይብሳል ተብሎ ቀርቷል፣ ማስታወሻው ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ስልክሽ ላይ አለ አለቻት። ኦክሬ ስልኩን አጋደመችው። ሰዓቶቹ አብረው ተጋደሙ፤ ማስታወሻው አልወጣም።

እናቷ አስር ሰዓት ላይ አረፉ። አጥሚቱ ወደቡ ላይ እቅፏ ውስጥ እንዳለ በረደ።

ሴሁን ለቀብር ተሻግሮ መጣ። እንደ አገሩ ወግ በአስከሬኑ ፊት ሁለት ጊዜ ሰገደ፣ ከዚያ እሷ አጠገብ ተቀመጠ። «አክስቴ፣ ሰንጠረዡን ብቻ ፈታሁት። ሌሎቹ እንደታሰሩ ናቸው» አላት።

«ስትመለስ ዋናው ገጽ ቀጥ ብሎ ይቆማል?»

«ይቆማል። እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ያውቃል።»

«ያኔስ ይቻል ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።»

እኔም ዓምዱ መቅረቱን ዓይቼ ነበር አለችው።

ኦክሬ ዛሬም ሞክፖ ውስጥ፣ እዚያው ቢሮ ስልክ ታዟዙራለች። ለእናቷ ሙት ዓመት ሁለት ቀን ቀድማ ወደ ደሴቷ ትሻገራለች።