የዊኒ ሾሮክ ነጭ ደረጃ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ኦልደም ከተማ፣ ከፈትል ፋብሪካው ጀርባ፣ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። በሮቹ ቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታሉ። አንዲት ሴት ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ማወቅ የፈለገ ሰው ቤቷ ድረስ መግባት አያስፈልገውም። የደጃፏን የድንጋይ ደረጃ አይቶ ማለፍ ይበቃዋል።

ዊኒ ሾሮክ ይህን የተማረችው ከእናቷ ነው። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ዛሬም በምትኖርበት ቤት ያሳደገቻት። ተንበርክካ ደረጃውን ስትፈገፍግ፣ "ድሃ ነን እንጂ ቆሻሻ አይደለንም" ትል ነበር። ዊኒም ስልሳ ዓመት አልፏት፣ ጉልበቷ እየቆረጠማት፣ ሐሙስ ሐሙስ ትፈገፍገዋለች፤ በባልዲ ውሃና ልዋጩ በአሮጌ ጨርቅ ለውጦ በሚሰጣት፣ ሲፈገፍጉበት እንደ ኖራ በሚያነጣ ነጭ ድንጋይ። እስኪደርቅ ማንም አይረግጠውም። ባሏ ክላረንስ እንኳ ከተጋቡ ጀምሮ ዘሎት ነው የሚገባውም የሚወጣውም።

በኅዳር ብርድ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ባልና ሚስት ሲጣሉና ሲታረቁ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ሊሠሩ ነው። ሰፈሩ በደስታ አበደ። ለባልና ሚስቱ ቤት ደግሞ የዊኒ ደጅ ተመረጠ። ዊኒ ለእህቷም ለቄሱም አወራች። "የእናቴ በር ለአገር ሁሉ ሊታይ ነው" እያለች።

ሐሙስ ፈግፍጋ ጨርሳ፣ ምሳዋን በልታ ስትወጣ፣ አንድ ሰውዬ ደረጃዋን በብሩሽ ጭቃና ጥላሸት ሲቀባ አገኘችው። አጠገቡ ጎማው የወለቀ የሕፃን ጋሪ ተገትሯል።

"አንተ! ምን እያደረግህ ነው?"

"ታዝዤ ነው እማማ።"

አዘጋጁ እየሮጠ መጣ። ጁሊያን የሚባል ከለንደን የመጣ ወጣት ነው።

"ወይዘሮ ሾሮክ፣ እንዳይቀየሙን። ታሪኩ የድሃ ሠራተኛ ቤት ነው። እውነት እንዲመስል ብለን ነው።"

"የማን እውነት?"

"ማለቴ... ሰው እንዲያምነን።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ የተወለድኩት እዚህ ቤት ነው። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አንተ የመጣኸው ማክሰኞ ነው።"

ጎረቤቷ ማጅ ከበሯ ብቅ አለች። የሷም ደረጃ ተቀብቷል።

"ተያቸው እንጂ ዊኒ! ድራማ እኮ ነው። የኔንም ቀቡት፣ ሞትኩ?"

"ያንቺማ ቢቀባም ባይቀባም ያው ነው!"

ማጅ በሯን ድርግም አደረገችው። ክላረንስ ጠጋ ብሎ፣ "ዊኒዬ፣ ሰው ፊት አንጣላ። ማታ ታጥቢዋለሽ" አላት።

"ማታ ማን ያየዋል? አገሩ የሚያየው ይኼንን ነው። እናቴ ጉልበቷን የጨረሰችው ለዚህ ነው?"

ገብታ ባልዲዋን አመጣች። ጋሪውን በእግሯ ወደ ማጅ በር ገፋችና ተንበረከከች።

ጁሊያን ሰማዩን አየ፤ በዚያ አገር ኅዳር ላይ ገና በአሥር ሰዓት ይመሻል። "እባክዎ ይነሱ! ፀሐይ እየጠለቀች ነው!"

"እንግዲያው አታስወራኝ፣ ቶሎ ልጨርስ።"

ካሜራ የያዙት ሰዎች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጁሊያን ምን ያድርግ? ወገቧን ይዞ አያነሳት! ቆሞ ጠበቀ። ዊኒ ሠርታ ጨርሳ ቀጥ ስትል፣ ደረጃው እንደ ወተት ነጥቷል።

"እስኪደርቅ እንዳትረግጡት" ብላ ወደ ጎን ቆመች።

ሁሉም ሳቁ። ባልየውን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ብቻ አልሳቀም። የቦልተን ልጅ ነው፤ ቦልተን ደግሞ ቅርብ ነው፣ እዚያም ደረጃ እንዲሁ ይፈገፈጋል።

ሥራው ተጀመረ። ሚስቲቱ በሩን በርግዳ፣ "ውጣልኝ!" ብላ ጮኸች። ባልየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ እየተራገመ ወጣ። እርጥቡን ደረጃ ሲያይ ግን እግሩ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ልክ እንደ ክላረንስ ከነሻንጣው ዘሎ መንገዱ ላይ አረፈ። ሚስቲቱም የተጻፈላትን ረስታ፣ "ረግጠኸው ቢሆን ነበር የምገድልህ!" አለችው።

ጁሊያን ጸጉሩን ነጨ። ድገሙት እንዳይል ፀሐይዋ ገብታለች።

ድራማው የተላለፈ ዕለት ሰፈርተኛው ዊኒ ቤት ተሰበሰበ። ማጅም አኩርፋ ትቀራለች ሲባል ብስኩት ይዛ መጣች። ባልየው ሲዘል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክላረንስማ፣ "እኔ እኮ ነኝ! እኔን ነው የሠራው!" እያለ ጭኑን መታ። ቀጥሎ ካሜራው ዞር ሲል የማጅ ደጅ መጣ። ደረጃው ከሰል መስሏል፤ ጋሪው ተገትሯል። ሳቁ ቀጥ አለ።

"ወይ ጉዴ! አገር ሁሉ አየኝ?" አለች ማጅ።

ዊኒ ሻይ ቀዳችላት። "ጠዋት ድንጋይ አውስሻለሁ" አለቻት።

በጸደይ የቴሌቪዥን ሰዎች ቀሪውን ሊሠሩ ተመለሱ። ባለ ብሩሹ ሰውዬ የጭቃ ባልዲውን ይዞ ከመኪና ወረደ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሽርጣቸውን አስረው በየደረጃቸው ላይ ቆመዋል። ዊኒ እጇን አጣምራ በሯን ተደግፋለች። ከሁሉ ፊት የቆመችው ግን ማጅ ነበረች፤ ነጩን ድንጋይ ጨብጣ።

"እስቲ ሞክር" አለችው።