የሀዲል ማዞሪያዎች

እስቲ ይህን ጥቁር ሣጥን እዩት። አሶሳ፣ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ፣ መድረኩ ጥግ ላይ የተቀመጠ የባስ ጊታር ማጉያ ነው፤ ልጆቹ «አምፕ» ይሉታል። ፊቱ ላይ አምስት ማዞሪያዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል።

የለጠፉት የባንዱ ልጆች ናቸው። የባስ ጊታር ተጫዋቻቸው ሀዲል ገነተ ማርያም ወደምትባል ከተማ ሰርግ ሊጫወት ጊታሩን ይዞ ወጣ፤ አምፑን «እዚያ አለ ብለውኛል» ብሎ ተወው። ሰርጉም ቦታ አልደረሰ፣ ቤቱም አልተመለሰ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ክፉ ነበር፤ ሰው ወጥቶ ይቀር ነበር። ልጆቹም «ሲመጣ እንደተወው ያግኘው» ብለው ማዞሪያዎቹን ለጠፉ። ደግ ሐሳብ ነበር፣ አይካድም። ግን ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ ደግነቱም ሻገተ።

በሀዲል ቦታ ትሩፋት ሌላ ባስ ጊታር ይዛ ገባች። አባቷ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ጣቶቿም የእሱ ናቸው፣ ክሩ ላይ እንደ ዶማ ነው የምታሳርፋቸው። ሀዲል ክር ይዳብስ ነበር እንጂ አይመታም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማዞሪያ፣ ጌይን የሚሉትን፣ ከጊታሩ የመጣውን ድምፅ ገና ከደጃፉ የሚያጎላውን፣ እላይ ሰቅሎት ነበር የሄደው። ትሩፋት ክሩን ስትመታ ከጎኑ ያለችው ቀይ መብራት ቦግ ትላለች፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። መብራቷ «በዛብኝ፣ ቀንሱልኝ» ማለቷ ነው። ማን ይስማት!

«ሀዲል ተቆጣ» ይላል ድራም መቺው እዩኤል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ የምር ሆነ። ጊታሩ እንደተሰካ፣ ማንም ክር ሳይነካ፣ አምፑ ከሆዱ እምምም ይላል። «ይኸው መጣ» ይባባላሉ።

ትሩፋት ይሄ ሁሉ የጌይኑ መብዛት እንደሆነ ከስልኳ አንብባ ታውቃለች። ማወቅና መድፈር ግን ለየቅል ናቸው። ፕላስተሩን ከላጠች ልጁን በእጇ የቀበረች መሰላት። እናም ጣቷን አለዘበች፤ ነጋ ጠባ አለዘበች፤ እስከ መጨረሻው «ዓይኑን ጨፍኖ ለሰማ ሀዲል ራሱ ነው» አሏት። ምስጋና መሆኑ ነው! በሕይወት ያለች ሴት ራሷን እየሸረፈች ለጠፋ ሰው ታጎርስ ነበር።

የሀዲል እናት ሀምዲያ ልምምድ ባለ ቁጥር ትመጣለች። አምፑ አጠገብ ትቀመጥና መዳፏን ደረቱ ላይ ታሳርፋለች። እምምም ይላል፤ ታዳምጣለች።

አንድ ሐሙስ፣ ዙምባራ የሚባሉት የበርታ ረጃጅም የቅል መለከቶች እየተነፉ ሳለ፣ የባንዱ መሪ ታረቀኝ ልምምዱን አስቆመ።

«ዙምባራው ሲነፋ አንቺ የለሽም! ቅዳሜ መድረክ ላይ እንዲህ ከሆነ ከባምባሲ ሌላ ልጅ አመጣለሁ።»

«ማዞሪያውን ልንካው?»

«እሱንማ ተዪው!»

«ታዲያ ጋሽ ታረቀኝ፣ በምን ልሰማ? በስለት?»

ሳቁ። ሣጥኑ እምምም አለ። ሳቁ ቆመ።

ትሩፋት ጊታሩን አስቀምጣ ሀምዲያ ፊት ተንበረከከች። «እማማ፣ ይህን ብነካው ይከፋዎታል?»

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ ማን ነው የለጠፈ?» አለች ሀምዲያ።

«እኛ።»

«ሀዲል አይለጥፍም። ሀዲል ሁልጊዜ ያዞራል። ሰው ሲሞላ ያዞራል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ያዞራል። ወላሂ፣ የቤት ሬዲዮን እንኳ ዝም ብሎ አይተወውም። አንተ ለምን ትፈራለህ?» የቤቷ ቋንቋ በርታ ነው፤ በአማርኛዋ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ታቦት ያደረጉት የአንድ ምሽት አዟዟርን ነበር!

ትሩፋት ፕላስተሩን ላጠች። ጌይኑን ወደ ታች መለሰችው፤ ቀይዋ መብራት በኃይለኛው ምት ብቻ ጥቅስ እስክትል። ባስ የሚለውን ቀነሰች፣ ቆርቆሮው ሥር ሲያጉረመርም ዜማውን ይበላ ነበርና። ሚድ የሚለውን ከፍ አደረገች፤ ጆሮ ባሱን ከዙምባራ ለይቶ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ትሬብሉን እንዳለ ተወችው። በመጨረሻ ለአዳራሹ የሚያከፋፍለውን፣ ማስተሩን፣ ጨመረች። በገዛ ጣቶቿ መታች። ድምፁ ጠርቶ ወጣ፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ይኸው! አሁን አንቺ ነሽ» አለ ታረቀኝ።

ክሮቹን በመዳፏ ያዘች። አምፑ ዝም አለ። ያ እምምም ማለቱ ቀረ።

ሀምዲያ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። ሌላኛውን እጇንም ጨመረች።

«ዝም አለ» አለች። «እዚህ የለም። እንግዲህ ሀዲል የት ነው?»

እዩኤል የድራም ዱላውን አየ። ታረቀኝ ጫማውን። የተላጠው ፕላስተር የትሩፋት ጣት ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያን ሁሉ ወራት ሣጥኑ ሲያጉረመርም ይህን የጠየቀ አልነበረም። ለምን ይጠይቃል? መንፈስ ያደረጉትን ሰው ማን ይፈልገዋል! ተረቱ ከፍለጋው ይቀላል። ለሚፈራም ይመቻል፣ ለሚያውቅና ለሚደብቅም ይመቻል።

ቅዳሜ ትሩፋት ተጫወተች፤ ከዙምባራው መሐል ለይቶ የሰማት ብዙ ነው። ሀምዲያ አልመጣችም። መናኸሪያ ቆማ ከዚያ መንገድ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ እየጠየቀች ነበር።

እናንተ በዚያ ሰሞን ወደ ገነተ ማርያም ያለፋችሁ፣ የጊታር ቦርሳ ያነገተ ልጅ ያያችሁ፣ ሾፌርም ሁኑ ገበሬ፣ ክፉም ቢሆን ያያችሁትን፣ እባካችሁ፣ ለእናቱ ንገሯት።