የሀብተማርያም ሁለት ስንኝ

ሀብተማርያም ጎጃም ሳለ ቅኔ ይዘርፍ ነበር፤ ኮልፌ መጥቶ ግን ራሱ ተዘረፈ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የዛሬውን ቅኔ ነገ አይደግምም፣ ነውር ነው። በዚህ ደንብ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ሰው እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባና፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ያዘ። «ለክቡር» ሲል የኖረ እጁ ደርግ ሲመጣ «ለጓድ» ማለትን ለመደ። ሆድ ምን የማይለምደው አለ!

በ1969 ነሐሴ ልጁን እሙን ወሰዷት። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ደብተሯ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደመቀ ሀብተማርያምን አስጠርቶ፣ የአብዮት በዓል ስለደረሰ ለቀበሌው ግጥም እንዲጽፍ፣ ግጥሙ ካማረ የልጅቱ ጉዳይ እንደሚታይ ነገረው። ይህን ሁሉ ሲናገር ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉር ነበር።

ጻፈ። ምን ያድርግ?

አብዮት እናቴ ሆይ ጡትሽን ጠባሁት፣
የጠላትሽን ደም በጽዋ ጠጣሁት።

ቤት ከመምታቱ በቀር የሚባልለት ነገር የለውም። ጽፎ ሲጨርስ አፉ መረረው፤ ደጅ ወጥቶ አንቅሮ ተፋ። ደመቀ ግን ወደደለት። በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ አስነበበው፣ ሕዝቡም ግራ እጁን እያነሣ ጮኸለት። በዓሉ ሲያልፍ ለውይይት ክበቡ ድገመው ተባለ። ለሴቶች ማኅበር ድገመው፤ ለኅብረት ሱቁ ምረቃ ድገመው። ወደ ትፋቱ እንደሚመለስ ውሻ በየሳምንቱ ያችኑ ሁለት ስንኝ ይዞ ይወጣል። ራሱን ተጠየፈው። ሚስቱ ወለተጻድቅ ግን ልጄ ትውጣልኝ እንጂ ሺህ ጊዜ ቢደገምስ ትለው ነበር፤ እናት ናትና አይፈረድባትም።

እሙ ጥር ላይ ተፈታች። ውስጥ እግሯ ቆስሎ ጫማ አልገባ ብሏታል። እናቷ እግሯን በሞቀ የጨው ውሃ እያጠበች ማን እንዲህ እንዳደረጋት ጠየቀቻት። እሙ የሰው ስም አላነሣችም። ጠዋት ጠዋት እስረኛው ተሰልፎ አንድ የአብዮት ግጥም በቃሉ እንደሚል፣ ቃል የዘለለ ውስጥ እግሩን እንደሚገረፍ ብቻ ነገረቻቸው። ግጥሙንም አለችላቸው። ሀብተማርያም የያዘውን የውሃ ማሰሮ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ጽዋ የምትለዋን እዘላት ነበር» አለች። «የቅዱስ ቁርባን ቃል ናት ብዬ ነው፤ የተገረፍኩትም በእሷ ነው። አባባ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ቤተ ክርስቲያን ያውቅ ይሆን?»

ወለተጻድቅ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«አያውቅም» አለ ሀብተማርያም።