ለቀብር ያልደረሰው ፍለጋዬ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ አስከሬን የእኔን ፕሮግራም ሲጠብቅ ቆየ።

ጎረቤታችን ጋሽ አሰፋ ዐርፈው፣ ለፍትሐት የክርስትና ስማቸው ተፈለገ። ከቤተሰቡ የሚያውቀው ጠፋ፤ የንስሐ አባታቸውም ቀድመዋቸው ሄደዋል።

"አንተ የደብሩን የጥምቀት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ጭነኸው የለ?" አለችኝ ልጃቸው ወይንሸት።

ጭኜዋለሁ። ለእያንዳንዱ ተጠማቂ አንድ ኤክስኤምኤል የሚባል የጽሑፍ ፋይል፣ ሺህ በሺህ ላይ፣ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ። የማን ስም የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ የሚጠቁም ማውጫ ግን አልሠራሁለትም። ያስመረቅኩት ዕለት በጥቂት ፋይሎች ብቻ ሞክሬው፣ መልሱ ከች ሲል ተጨብጭቦልኝ ነበር። በጭብጨባው ሰነፍኩ።

ላፕቶፑን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከፍቼ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ያነብ ጀመር። ሃያ ደቂቃ አለፈ።

"ልጄ፣ ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ ነው እንዴ የሚያነበው?" አሉኝ ቄሱ።

"አዎ አባ።"

"እኛ እኮ በየዘመኑ ደርድረን ነበር ያስቀመጥነው።"

ያን አደራደር ያፈረስኩት እኔ ነኝ። መዝገቦቹንም "ከእንግዲህ አያስፈልጉም" ብዬ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስጠቅጥቄያቸዋለሁ። ሥራውን "ማዘመን" ብዬው ነበር።

ፍትሐቱ በዓለም ስማቸው ተደረገ። "ወልደ ሰንበት" የሚል መልስ የመጣው ለቀስተኛው ድንኳን ገብቶ ንፍሮ ሲዘግን ነው። ለወይንሸት በሹክሹክታ ነገርኳት። እንድትሰድበኝ ተመኝቼ ነበር።

"ግድ የለም ወንድሜ፣ ለአርባው ይሆነናል" አለችኝ።

እናንተስ፣ የተጨበጨበላችሁ ሥራ ሰው ፊት ያዋረዳችሁ ቀን አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ማፈር ከብዶኛል።