ብርቅነሽ «ምስር ብይ» ያለችበት ዓርብ

ካልጋሪ ያለ አበሻ ደስ ሲለው ብርቅነሽ እልል ካላለችለት ደስታው ጎዶሎ ነው። ሥራዋ በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠብ ነው፤ ሰው የሚያውቃት ግን በእልልታዋ ነው። ሙሽራዋ ገና አንድ እግሯን ከመኪና ስታወጣ ታቀልጠዋለች። ክርስትና ላይ ሕፃኑ ከውሃው ሲወጣ ማንም አይቀድማትም። አንዴ የዜግነት መሐላ አዳራሽ ውስጥ ብትለቀው ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «ኢመርጀንሲ ነው?» ሲላት «ኖ፣ ሃፒ ነው» አለችው።

ለደስታ ቃልም የራሷ ሕግ አላት። የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንጂ «ኮንግራትስ» የሚል ሰው ፊቷ አይቆምም። «እንኳን ደስ አለሽ» ተብላ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» የማትልን ትገላምጣለች። ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቅለት ግን የምስራች ነው። «የምስራች!» የሚል ሰው መጀመሪያ «ምስር ብላ» ይባላል፤ ወሬው የሚጠየቀው ከዚያ ወዲያ ነው። «ሳትሰማ ነው የምትመርቀው፤ የሚያበስርህን ሰው ማመን ማለት ይኸው ነው» ትላለች።

ያን ሐሙስ ጋሽ ታደገ ደወሉላት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ የሚደወለው ለሳቸው ነው።

«የሠናይት እናት አርፈዋል» አሏት። «ቅዳሜ ከሺፍት ኦፍ ናት። ጧት ተሰብስበን ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ብቻዋን ሆና ከሰማች ትሞትብናለች።»

ቴምፕል በሚባለው ሰፈር የምትኖረው ሠናይት ለብርቅነሽ ከእህት አታንስም። እናቷን ካናዳ ለማምጣት ስትለፋ ዓመታት አልፈዋል። ብርቅነሽ ያን ቀን የመጦሪያውን ፎጣ እያጠፈች፣ ፊቷን በዚያው ፎጣ እየጠረገች ዋለች።

ዓርብ ከሰዓት ዶቨር ሰፈር ያለው የብርቅነሽ ቤት በር ተንኳኳ። ከፈተች። ሠናይት ናት፤ ጃኬቷን እንኳ አልቆለፈችም፣ ጸጉሯ ላይ በረዶ አለ።

«የምስራች!»

 ብርቅነሽ ወሬው ምን እንደሆነ ሳይነገራት አወቀች፤ ሠናይትን እንዲህ የሚያደርጋት ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። መልሱን የምታወጣበት አፍ ከየት ይምጣ? ዝም ብትል ደግሞ ዝምታዋ ራሱ መርዶ ነው።

«ምስር ብይ» አለች።

«የእማዬ ቪዛ አፕሩቭ ሆነ! ብርቄ፣ አፕሩቭ ሆነ እኮ!» ሠናይት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ በረንዳው ላይ ጮቤ ረገጠች። «ስደውል አታነሳም፣ ኔትወርኩ ነው መሰለኝ። በቮይስ እልክላታለሁ። በይ እልል በይልኝ፣ ያንቺን ድምፅ ትወዳለች። ሪከርድ እያደረገ ነው፣ በይ እንጂ!»

ስልኩን አፏ ሥር ደገነችው።

እስቲ ፍረዱ! ለሞተ ሰው እንዴት ተብሎ እልል ይባላል? ብርቅነሽ ዘወር ዘወር ብላ አየች። ሠናይት ብትወድቅ ከሷ በቀር የሚይዛት አንድ ሰው በአካባቢው የለም። ጋሽ ታደገ «ትሞትብናለች» ያሉት ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። ዓይኗን ጨፈነችና እልልልልል አለች። መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰብሮ ሳግ ሆነ። ሠናይት ሳቀች።

«አየሽ፣ አንቺንም ደስታ አስለቀሰሽ» ብላ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችላት። ከዚያ ላከችው።

ቅዳሜ ጧት ብርቅነሽ፣ ጋሽ ታደገና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሠናይት ቤት ገቡ። ሠናይት ጋሽ ታደገን አየች፣ ሴቶቹን አየች፤ ማንም ሳይናገር ገባት። ጮኸች፤ ወለሉ ላይ ስትወድቅ ተሯሩጠው ያዟት። ሳሎኑ ውስጥ ለእናቷ የገዛችው ወፍራም የክረምት ጃኬት ከነዋጋው ወረቀት ወንበር ላይ ተደርቧል። አንዷ ሴት አንስታ ደበቀችው።

ሠናይት ትንሽ ጋብ ሲልላት የብርቅነሽን እጅ እንደያዘች «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ረቡዕ» አሉ ጋሽ ታደገ።

«ረቡዕ?» ቀስ ብላ ወደ ብርቅነሽ ዞረች። «ብርቄ፣ ታውቂ ነበር?»

ብርቅነሽ አንገቷን ደፋች።

«ታዲያ ትናንት ለማን ነው እልል ያልሽው?»

«ላንቺ ነው» አለች ብርቅነሽ። «ላንቺ ነው፣ እህቴ።»

ሠናይት ይዛው የነበረውን እጅ ለቀቀች።