አንሺና ተነሺ

ፖሊሱ ቡታጅራ ካለው ፎቶ ቤቴ ገብቶ «ተነሺ» አለኝ።

«እኔ አንሺ ነኝ እንጂ ተነሺ አይደለሁም» አልኩት። አልሳቀልኝም። ካሜራዬን ይዞ እኔን ከፊት አስቀደመኝ።

ጥፋቴ ከምርጫው በኋላ የታሰሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ጣቢያው በር ላይ ዝናብ እየመታቸው የቆሙ እናቶችን ማንሳቴ ነበር። እንጀራዬ የመታወቂያ ፎቶ ነው። ልቤ ግን ሌላ ነው፤ ሱቁ በተቃጠለ ማግስት አመዱን ጠርጎ ቲማቲም የዘረጋ ሰው ካየሁ ሳላነሳው አላልፍም።

ያሰሩብኝ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና የሽንት ባልዲ ትሸታለች። እዚያ ከነበሩት ሴቶች አንዷ የቆሼ ከተማ በርበሬ ነጋዴ ናት። ፖሊሶቹ ልጇን ፈልገው ሲያጡት እሷን ያዟት። ልብሷ ላይ የቀረው በርበሬ ሁላችንንም ያስነጥሰናል።

«ትንሽ ታገሱ» ትለናለች፤ «ዘበኞቹም ሲያስነጥሱ በሩን ይከፍቱታል።»

በማግስቱ የጣቢያው አዛዥ የእስረኞቹን ፎቶ ፈለገ።

«ፎቶ አንሺዋን ጥሩልኝ» ቢል፣ «እሷማ ውስጥ ናት» አሉት። ድሮም እስረኛ የማነሳላቸው እኔ ነበርኩ። ሲያስሩኝ ይሄን አላሰቡትም።

ካሜራዬን ሲሰጡኝ በርበሬ ነጋዴዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«እትዬ፣ እንዲህ ሆኜ አታንሺኝ። ያየው ሁሉ ሌባ ይለኛል።»

ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። «ሳይታጠቡ አላነሳም» አልኩ።

«ሠርግ ነው እንዴ?» አለ አዛዡ።

«መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ታጥቦ አይደል የሚነሳው? እነዚህስ ምን ያንሳቸዋል?»

ውሃ አስመጣ። ታጠቡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። አንድ ማበጠሪያ እየተቀባበሉ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ቶሎ ጨርሺ እንጂ» እየተባባሉ አበጠሩ። አንድ በአንድ መስኮቱ ሥር አስቁሜ አነሳኋቸው።

ሲያልቅ «እኔስ እስረኛ አይደለሁም?» አልኩ። ካሜራውን ለበርበሬ ነጋዴዋ ሰጥቼ የምትጫነውን አሳየኋት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝ።

«ተነሺ እንግዲህ፣ እትዬ።»

ተነሳሁ።

ፖሊሶቹ የላኩትን ፊልም ያጠበችው ፎቶ ቤቴን የያዘችልኝ ልጄ ናት። ማንንም ሳትጠይቅ አንድ አንድ ቅጂ አስቀረች። ከተፈታሁ ወዲህ የእኔና የበርበሬ ነጋዴዋ ፎቶ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ነጋዴዋ ስታነሳኝ ግንባሬን ቆርጣዋለች፤ ይሁን፣ አልቀየርኩትም። ደንበኞች ቆም ብለው የሚያዩት ግን የእሷን ነው። አንገቷ ቀና፣ ፊቷ ገና ውሃ ያለው።

«ይቺ ሴትዮ የት ነው የተነሳችው?» ይሉኛል።

«እስር ቤት» እላቸዋለሁ።